የካሴቱ ጀርባ

መሳቢያዬ ውስጥ 90 ደቂቃ የሚይዝ አንድ ካሴት አለ። ማጫወቻዬ ከሞተ ዓመታት ቢቆጠሩም ካሴቱን መጣል አልሆነልኝም። ልባሱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ፣ የአንድ ሰው ስም ሰፍሯል፦ ሮኒ ጄምስ ዲዮ። ሄቪ ሜታል የሚወድ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ሁለት ጣቱን እንደ ቀንድ አድርጎ ያነሳል። የማይወድ ደግሞ እንደ አክስቴ «ማነው ደግሞ ይኼ የሚጮኸው?» ይላል። እኔ ከሁለቱ መሃል ነኝ። ብዙ ሰው ከዘፋኙ ዲዮ ጋር በዋናው በር፣ በብላክ ሳባዝ ወይም በሬይንቦው ባንድ በኩል ተዋወቀ። እኔን ግን በጓሮ በር ያስገባኝ ሰው ነበረ።

ዋሽንግተን ዲሲ ከገባሁ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። የኛ ሰው ያኔ ወይ ታክሲ ይነዳል፣ ወይ ፓርኪንግ ይሠራል። መንጃ ፈቃድ አልነበረኝምና ፓርኪንግ ደረሰኝ። ሁለት ፎቅ ከመሬት በታች ወርጄ፣ የስልክ ማነጋገሪያ በምታህል የመስታወት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን አነጋዋለሁ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የመኪና ጭስ፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ሲንተከተክ አምሽቶ ያረረ የፈረንጅ ቡና። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና አይመጣም። የሚሰማው የማናፈሻው ጉምጉምታና ከጣሪያው ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ነው። ሌሊት እንዲህ ጭር ሊል እንደሚችል አገር ቤት ሳለሁ አላውቅም ነበር። የኛ ሌሊት ውሻ አለው፣ ጅብ አለው፣ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ቅዳሴ አለው።

ያንን ጭርታ የሰበረልኝ የጥገና ሠራተኛው ነው። አክስቴ ኋላ ላይ ስታየው «ፀጉራሙ» ብላዋለች፤ ከዚያ ወዲህ በልቤም ሌላ ስም የለውም። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ሰው ነበር። የተሰበረውን የመግቢያ ዘንግ ሲጠግን፣ የተቃጠለውን አምፖል ሲቀይር ያድራል። የዕቃ ሳጥኑን በአንድ እጁ፣ ቀለም የተረጨበት ትንሽ ቴፑን በሌላው አንጠልጥሎ ነው የሚዞረው። በመጀመሪያው ብርድ እጄን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ሲያየኝ ምንም አላለም። በማግስቱ የራሱን የቆዳ ጓንት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ላመሰግነው አፌን ስከፍት ያልተቀየረ አምፖል ትዝ ያለው መስሎ ፊቱን አዞረ።

አንድ ሌሊት «እናንተ አገር ምን ይዘፈናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ድምፄ እንደማያምር እያወቅኩ በትዝታ ቅኝት አንጎራጎርኩለት። ከተንበረከከበት ሳይነሳ፣ መፍቻውን እንደያዘ፣ እስክጨርስ ሰማኝ። «ይኼ የሚያስለቅስ ነው ወይስ የሚያስደስት?» አለኝ። «እንደ ሰውዬው ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በተራዬ እሱ የሚወደውን ጠየቅኩት። ጎረምሶቹ በሚለብሱት ካናቴራ ላይ አጥንትና እሳት እያየሁ ስለነበር ጩኸት ነው የጠበቅኩት። እጁን ወደ ቴፑ ሰደደና መለሰው። «አይ፣ አንተ በዚህ አትጀምርም» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ይህን ካሴት ሰጠኝ። ከሸክላ፣ ከሌሎች ካሴቶች እየለቀመ እቤቱ ቁጭ ብሎ የቀዳው ነው። ዝነኞቹ ዘፈኖች አንዳቸውም የሉበትም። «እነሱን ሬዲዮው ያሰማሃል። እነዚህን ግን ሰው ካልሰጠህ አታገኛቸውም» አለኝ። ያኔ ነገሩ እንዲያ ነበር። ሙዚቃ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ነው የሚያልፈው።

ካሴቱ በትራምፔት ነው የሚጀምረው። ዲዮ፣ የቤተሰቡ ስም ፓዳቮና ነው፣ ገና 15 ወይ 16 ዓመት ሲሆነው በፈረንጆቹ 1958 ሮኒ ኤንድ ዘ ሬድ ካፕስ ከሚባለው ባንዱ ጋር የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ። በአንደኛው ፊት «ኮንኩዌስት» የሚል፣ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ አለ፤ ትራምፔቱን የሚነፋው እሱ ነው። በሌላኛው ፊት የሚዘፍነው ደግሞ ሌላ ልጅ ነው። ያ ሁሉ ጉሮሮ ያለው ሰው የመጀመሪያ ሸክላው ላይ ድምፁ የለም፤ ያለው ትንፋሹ ብቻ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትራምፔት መንፋቱ ኋላ ለዘፈኑ ትንፋሽ እንዳስተማረው ራሱ ይናገር ነበር። ይህን ስሰማ የኛ ዋሽንት ነፊ እረኞች ትዝ አሉኝ። እነሱም ሲዘፍኑ ትንፋሻቸው ተራራ ተሻግሮ ነው የሚያልቀው።

ፀጉራሙ የኒውዮርክ ስቴት ልጅ ነው፤ ያደገው ዲዮ ካደገባት ከኮርትላንድ ብዙም አይርቅም። ታላቅ እህቱ በሮኒ ዲዮ ኤንድ ዘ ፕሮፌትስ ዘፈን ጨፍራለች። ይህ ባንድ በ1963 እዚያው ኮርትላንድ፣ ዶሚኖስ በሚባል ምግብ ቤት ውስጥ ሕዝብ ፊት የተጫወተውን ቀድቶ አልበም አውጥቷል። ከዚያ የተወሰደው ሲመጣ ፀጉራሙ ሁልጊዜ ሥራውን ያቆማል። «እህቴ ያን ጊዜ ሮዝ ቀሚስ ነበራት» ይለኛል። ስለ ሙዚቃው ምንም ሳይል ቀሚሱን ብቻ ነግሮኝ ወደ አምፖሉ ይመለሳል። እኔ ግን ቀሚሱም ይታየኛል፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በቅባት አስተኝተው የሚዘፍኑት ልጆችም ይታዩኛል። ሄቪ ሜታል የሚባል ነገር ገና ስም አልወጣለትም ነበር።

ከዚያ እንቁራሪቱ ይመጣል። ዲዮ በኋላ ኤልፍ የሚባል ባንድ ነበረው፤ ፒያኖ የሚንኮሻኮሽበት፣ የመሸታ ቤት ወዝ ያለው ሮክ ነው። በ1972 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን የዲፕ ፐርፕል ባንድ አባላቱ ሮጀር ግሎቨርና ኢያን ፔይስ ናቸው ያዘጋጁላቸው። ግሎቨር በ1974 ከአንድ የልጆች መጽሐፍ ተነስቶ ስለ ነፍሳትና እንስሳት ድግስ አልበም ሲሠራ «ላቭ ኢዝ ኦል» የተባለውን ዘፈን ለዲዮ ሰጠው። ለዘፈኑ የተሠራው የካርቱን ፊልም ላይ የሚዘፍነው ጊታር የያዘ እንቁራሪት ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዘፈኑ አንደኛ ወጣ፤ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ደግሞ ሥርጭት በተቋረጠ ቁጥር እንቁራሪቱን ያሳይ ነበር። ስንት ፈረንሳዊ ሕፃን የዲዮን ድምፅ ማን እንደሆነ ሳያውቅ እየሰማ አድጓል!

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ዘንድ ነበር። እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቤቱ በእጣንና በሚቆላ ቡና ይታጠናል፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ ብለው በር እስኪያንኳኩ ድረስ። አንድ እሑድ ወጥ ቤት ባለው ቴፕ እንቁራሪቱን ከፈትኩት። አክስቴ ቡና ከጀበናው እየቀዳች ትከሻዋ ሳታውቀው መወዝወዝ ጀመረ።

«ይኼስ ደስ ይላል፤ ማነው ልጁ?» አለችኝ።

«ያው ነው እቴቴ። ያ ይጮኻል ያልሽው ሰውዬ።»

ጀበናውን ቁጭ አደረገችና አየችኝ። «ታዲያ እንዲህ መዝፈን እየቻለ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ የሙዚቃ ሐያሲ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ግን አላጋጠመኝም።

ሰላማችን ብዙ አልቆየም። በ1983 የወጣውን የዲዮን አልበም «ሆሊ ዳይቨር» ገዝቼ ስገባ ሽፋኑን አየችው። ቀንዳም ጭራቅ ከማዕበሉ በላይ ሰንሰለት ይወነጭፋል፤ ከሥሩ አንድ ቄስ በሰንሰለት ታስሮ ይሰምጣል። «በስመ አብ! ቄሱን እኮ እየገደለው ነው!» አለችና ካሴቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ ይዛ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ውጭ አኖረችው። ያን ቀን ክፍሌ ጠበል ተረጨ፤ አልጋዬም ሳይቀር።

ነገሩን ለፀጉራሙ ስነግረው ሳቀና ስለ ሁለቱ ጣቶች አጫወተኝ። ዲዮ ያንን የቀንድ ምልክት ያገኘው ከጣልያናዊት አያቱ ነው። አሮጊቷ መንገድ ላይ ዓይናቸው የማያምር ሰው ሲያልፍ ጣታቸውን እንዲያ አድርገው ይመክቱ ነበር። ብላክ ሳባዝ ውስጥ ገብቶ መድረክ ላይ ማሳየት ሲጀምር ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ማታ ለአክስቴ ይህንኑ ተረኩላት።

«ቡዳ ማለት ነው? ጣልያን አገርም ቡዳ አለ?» አለች ተደንቃ። ጥቂት ካሰበች በኋላ «አያቱን የሚሰማ ልጅ ክፉ አይወጣውም» ብላ ካሴቱን ከመስኮቱ አነሳችው። በረዶ ነክቶት ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ።

የፀጉራሙ ካሴት ጀርባ ላይ የነበረው አንዱ ዘፈን ግን በአክስቴ እጅ ነው የጠፋው። ካንሳስ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ኬሪ ሊቭግረን ክርስትናን አጥብቆ ከያዘ በኋላ በ1980 የራሱን አልበም አወጣ። እዚያ ላይ ሁለት ዘፈን እንዲዘፍንለት የጠራው ዲዮን ነው፤ በዚያው ዓመት ከብላክ ሳባዝ ጋር «ሄቨን ኤንድ ሄል»ን ያወጣውን ዲዮን። ሁለተኛው ዘፈን «ቱ ሊቭ ፎር ዘ ኪንግ» ይባላል፤ ዝግ ያለ፣ ጸሎት ጸሎት የሚል ነው።

ያኔ ስልክ ውድ ነው። አክስቴ ደሴ ላሉት እህቶቿ ድምፅ በካሴት ቀድታ ትልካለች፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። የሱቅ ካሴት ጥርሱ ስለተሰበረ አይቀዳበትም፤ የፀጉራሙ ግን ጥርሱ አልተነካም። አንድ ጠዋት ከሥራ ስገባ አክስቴ ቴፑ ፊት ተቀምጣ «እንደምን ከርማችኋል» ትላለች። ቀይ ቁልፍ ተጭኗል። አቤት የጮኽኩት ጩኸት! ጥቂት ደቂቃ ጠፍቷል። የተደመሰሰው ደግሞ ከካሴቱ ሁሉ እሷ ልትወደው የምትችለው፣ ያ መንፈሳዊው ዘፈን ነው። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። እሷ ግን በሦስቱም ቀን ስንቄን ቋጥራ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አንድ እሑድ ፀጉራሙን ቡና ጠራነው። የቪዲዮ ካሴት ይዞ መጣ። እጣኑ ሲሸተው ቆም ብሎ በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳበው፤ ድፎውን ሁለቴ አስደገመ። ከዚያ ቪዲዮውን ከፈተ። ፀጉራቸው እስከ ወገባቸው የወረደ፣ ቆዳ የለበሱ፣ ብረት የደረደሩ ወንዶች ማይክሮፎን ፊት ተኮልኩለዋል። አክስቴ ገና ከማየቷ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እነዚህ ሁሉ ባህታውያን ናቸው?»

ስተረጉምለት ፀጉራሙ ሲኒው እጁ ላይ እስኪፈስ ሳቀ። «ምን አሰባሰባቸው?» አለች ቀጥላ። እሱ እየተናገረ፣ እኔ እየተረጎምኩ ነገርናት። በ1985 የዓለም ዘፋኞች ለአፍሪካ ረሃብተኛ ሲዘፍኑ፣ ሄቪ ሜታሎቹን ያስታወሳቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። የዲዮ ባንድ አባላት የሆኑት ጂሚ ቤይንና ቪቪያን ካምቤል ይህ ቆጫቸው። ከዲዮ ጋር ሆነው «ስታርስ» የሚለውን ዘፈን ጻፉ፤ ሂር ኤን ኤይድ ብለው 40 የሚሆኑ ሙዚቀኞችን ጠሩ። የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድ መጣ፤ ከአይረን ሜይደን ሁለቱ ጊታሪስቶች መጡ፤ ኢንግቬይ ማልምስቲን መጣ። ሆሊውድ፣ ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ገቡ፤ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ከጥቂት ወራት በፊት የተቀዳበት ቤት ነው። የየሸክላ ኩባንያው የውል ጣጣ አዘግይቶት አልበሙ በ1986 ወጣ።

«የየት አገር ረሃብ?» አለች።

«የኛው ነዋ፣ እቴቴ።»

ዝም አለች። «መቼ ነው ዘፈኑ ያላችሁት?»

«ሜይ 20 እና 21፣ 1985።»

አውራ ጣቷን በጣቶቿ አንጓ ላይ እያስኬደች ቆጠረች። ቀን ቀነሰች፣ ዓመት ቀነሰች፣ እንደገና ጀመረች። «ግንቦት 12 እና 13» አለች ቀስ ብላ። «1977።»

እኔ ያንን ቁጥር በፈረንጅ ስለምሰማው አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር። ለሷ ግን ዓመቱ ስም ነው። ወሎዬ ሆኖ 1977ን የሚረሳ ማን አለ? «ያን ግንቦት እኔ ደሴ ነኝ። ጧት በር ስንከፍት…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ተነስታ ከሰሉን አራገበች፤ ፀጉራሙ ሲኒ ላይ ቡናውን እስከ አፉ ሞላችለት። «ንገረው» አለችኝ። «ለዚያ ለሚጮኸው ሰውዬ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ፣ በለው። ለነዚያም ለፀጉራሞቹ።» ፀጉራሙ ዲዮን በአካል እንደማያውቀው ልነግራት አፌን ስከፍት በዓይኑ ከለከለኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እነግረዋለሁ» አላት። ቪዲዮውን ወደኋላ አጠንጥነን እንደገና አየነው። ሲጮኹ አልተቆጣችም።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ ተሯሯጡ። ፓርኪንጉ ውስጥ ሰው ሳይሆን ማሽን ገንዘብ መቀበል ጀመረ። ፀጉራሙ ወደ ሰሜን፣ እህቱ ዘንድ ተመለሰ። ለተወሰነ ጊዜ እየደወለ ዲዮ የት ብቅ እንዳለ ያወራልኝ ነበር። በ1997 ፓት ቡን፣ ያ ወተት የመሰለ ንጹሕ ዘፋኝ፣ «ሆሊ ዳይቨር»ን በኦርኬስትራ ሲዘፍን ዲዮ ከኋላ ሆኖ አጀበው፤ ፀጉራሙ ስልኩ ላይ በሳቅ ሊሞት። በ1999 ሲደውል ደግሞ የፀጉራሙ ድምፅ ሌላ ነበር። ግሎቨር በ1975 የእንቁራሪቱን አልበም ለንደን፣ ሮያል አልበርት ሆል ሲያቀርብ ዲዮ መገኘት ስላልቻለ ዘፋኙ ኢያን ጊላን ነበር የተካው። ከ24 ዓመት በኋላ ዲፕ ፐርፕል ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር እዚያው አዳራሽ ሲጫወት ዲዮን ጠሩት። «ላቭ ኢዝ ኦል»ን ዘፈነ። «ቀጠሮውን አከበረ እኮ!» አለኝ ፀጉራሙ። በ2006 ቴኔሸስ ዲ በተባሉት ቀልደኞች ፊልም ላይ ከግድግዳ ፖስተር ውስጥ ሆኖ ለአንድ ልጅ ሲዘፍንለት አየሁ፤ ልነግረው ስደውል ቁጥሩ አይሠራም።

ዲዮ በጨጓራ ካንሰር ሂዩስተን ውስጥ ያረፈው ሜይ 16 ቀን 2010 ነው፤ እሑድ። እኛ ከቤተክርስቲያን ተመልሰን ቡና ይቆላል። ዜናውን ስነግራት አክስቴ እንደ ልማዷ ጣቷን ቆጠረች። «ግንቦት 8። እሱም በግንቦት» አለች። ትንሽ ቆይታም «ያ ፀጉራሙ መልእክቴን አድርሶልኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አድርሶልሻል» አልኳት። ለአክስቴ የዋሸሁት ብዙ ቢሆንም ያ ግን አይቆረቁረኝም።

ዛሬ ሁሉም ነገር ስልኬ ውስጥ አለ። ትራምፔቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ እንቁራሪቱም፣ የሊቭግረን ዘፈንም ምንም ሳይጎድልበት። በጣቴ ነክቼ አገኘዋለሁ፤ ማንም አይሰጠኝም፣ ማንም ሥራውን አቁሞ ስለ ሮዝ ቀሚስ አይነግረኝም። አክስቴም ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት።

ባለፈው ወር ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ካሴት ማጫወቻ ገዛሁ። ካሴቱን ከመሳቢያው አውጥቼ የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጠነጠንኩና ጀርባውን ከፈትኩት። «ቱ ሊቭ ፎር ዘ ኪንግ» ጀመረ፤ ጥቂት ሄደና ቀጭ። «እንደምን ከርማችኋል፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» አለች። የእህቶቿን ስም በተራ ጠራች፤ የልጆቻቸውን፣ ከዚያ የጎረቤቶቹን። አንዲት ላም ወልዳ እንደሆን ጠየቀች። «ልጁ ደህና ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይሠራል፤ ከስቷል፤ አንድ ጓንት የሰጠው ጥሩ ፈረንጅ አለ» ስትል በር ሲከፈት ይሰማል። ቀጥሎ ስለት ያለው የጎረምሳ ድምፅ «እቴቴ! እቴቴ! አጠፋሽው እኮ!» ብሎ ጆሮ እስኪቀድ ይጮኻል።

ከዚያ ቀጭ ይልና ዲዮ ከቃሉ መሃል ይቀጥላል። በዚያ ካሴት ላይ የሚጮኸው እኔ ነኝ፤ እሱማ ዝግ ብሎ ነው የሚዘፍነው።